ከስልክ የተወለደው ብረት መፈለጊያ፦ የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ሕይወትና ያልተገኘው ጥይት

አዲስ አበባ፦ በደቡባዊው የአዲስ አበባ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን እኩሌታ ያገኘው ከመገናኛ ታሪክ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው ጣቢያ በአካባቢው በተተከለበት ዘመን ሕዝቡ አዲሱን ጥበብ የነፋስ ስልክ ብሎ ጠራው፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ጸና። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ወደ ሆቴል፣ ወደ ገበያ ማዕከል ወይም ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰው በር ላይ ቆም ብሎ እጆቹን ይዘረጋል። ጥበቃውም በእጁ የያዛትን ትንሽ ብረት መፈለጊያ በደረቱ፣ በወገቡና በኪሱ አጠገብ ያሳልፋታል። መሣሪያዋ ከጮኸች ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም ሌላ ብረት አለ ማለት ነው። ለሰፈሩ ስም ያወጣው ስልክና በበሩ ላይ ያለችው መፈተሻ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም።

የሁለቱም አባት አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው። ዓለም የሚያውቀው በስልክ ፈጣሪነቱ ነው። በ1881 የበጋ ወራት በጥይት የቆሰሉ የሀገር መሪን ለማዳን ሲል ሌት ተቀን የደከመበት ሌላው ሥራው ግን ከስልኩ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል። ዛሬ ወርቅ ፈላጊው በወንዝ ዳር፣ ፈንጂ አምካኙ በማሳ ውስጥ፣ ጥበቃው በር ላይ የሚይዙት መሣሪያ ዘሩ የሚቆጠረው ከዚያ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭው ዓለም የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ቤል በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ማርች 3 ቀን 1847 ተወለደ። አያቱም አባቱም የንግግር መምህራን ነበሩ። አባቱ አሌክሳንደር ሜልቪል ቤል የሰው ልጅ የሚያወጣውን ድምፅ ሁሉ በምልክት የሚጽፍ ሥርዓት የቀመረ ሰው ነው። እናቱ ኤሊዛ ደግሞ የመስማት ችሎታዋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከመ ሄደ። ልጁ አፉን ወደ ግንባሯ አስጠግቶ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያነጋግራት ንዝረቱን ትረዳለት ነበር። ድምፅ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በአጥንትና በአካል እንደሚያልፍ ቤል የተማረው ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከእናቱ ግንባር ነው።

የመጀመሪያ የፈጠራ ሥራው የተገኘው ከእህል ወፍጮ ቤት ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የጓደኛው አባት ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ሁለቱ ልጆች በዚያ እየተጫወቱ ሥራ ሲያስቸግሩ ሰውዬው አንድ የሚጠቅም ነገር እንዲሠሩ መከሯቸው። ቤልም የስንዴው ሽፋን በምን ዘዴ ሊላቀቅ እንደሚችል ጠየቀ፤ ፍሬውን በጥፍር ብሩሽ አሽቶ ሞከረው፤ ከዚያም የሚሽከረከር መቅዘፊያና ብሩሽ የተገጠመለት መፈተጊያ ሠራ። መሣሪያው በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ለዓመታት አገልግሏል። ባለወፍጮውም ውለታውን በመመለስ ለልጆቹ ትንሽ የሥራ ክፍል ሰጧቸው። አንድን ችግር ከባለቤቱ አፍ ሰምቶ በእጁ መሞከር የቤል የዕድሜ ልክ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ወጣትነቱ ግን በሐዘን የተመላ ነበር። ታናሽ ወንድሙ በ1867፣ ታላቅ ወንድሙ በ1870 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የእርሱም ጤና እየታወከ ሲሄድ ወላጆቹ የቀራቸውን አንድ ልጅ ለማትረፍ አየር ለመለወጥ ወሰኑ። በ1870 ባሕር ተሻግረው በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በብራንትፎርድ አቅራቢያ ባለ የእርሻ ይዞታ ሰፈሩ። ቤል በገጠሩ አየር አገገመ። በ1871 ወደ አሜሪካዋ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ፤ በ1873 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የንግግር ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ።

ቀን ሲያስተምር ውሎ ሌሊት በሽቦና በባትሪ ይደክም ነበር። ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን የተባለ እጀ ብልህ ወጣት ነው። ማርች 7 ቀን 1876 ቁጥር 174,465 የሆነውን የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አገኘ። ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ መሐንዲስም ተቀራራቢ ሐሳቡን ያስገባው ቤል ማመልከቻውን ባቀረበበት በዚያው ቀን ስለነበር በቅድሚያው ላይ የተነሣው ክርክር ለረጅም ዘመን አልበረደም። በ1877 ቤል ሜብል ሃበርድን አገባ። ሜብል በአምስት ዓመቷ በያዛት ትኩሳት መስማት የተሳናትና ተማሪው የነበረች ናት። በሠርጋቸው ሰሞን ከስልክ ኩባንያው ድርሻዎቹ አሥሩን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን በሙሉ ለእርሷ ሰጣት።

ብረት መፈለጊያው የተጸነሰው ከስልኩ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ የስልክ መስመሮች ላይ አንድ ችግር ነበረ። በአንዱ ሽቦ የሚያልፍ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሳይነካው በአጠገቡ ባለው ሌላ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ኢንዳክሽን የሚባለው ይህ ነው። በዚህም ምክንያት የቴሌግራፍ መስመሮች ጩኸት በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ቤል ጩኸቱን ለማጥፋት ሲል ሽቦዎቹን አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እርስ በርሱ እንዲጣፋ አድርጎ ማደራጀትን አጠና። ዴቪድ ሂዩዝ የተባለው ሳይንቲስትም በ1879 በእንግሊዝ ሀገር በዚሁ መርህ የሚሠራ የኢንዳክሽን ሚዛን ለሳይንስ ማኅበረሰቡ አቀረበ።

አሠራሩ እንደ ገበያ ሚዛን ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አንዱ ሌላውን በከፊል እንዲደርብ ተደርገው ይቀመጣሉ። በአንደኛው ውስጥ የሚቆራረጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ሁለተኛው ከስልክ ማዳመጫ ጋር ይያያዛል። አቀማመጣቸው በልክ ሲስተካከል ወደ ሁለተኛው የሚደርሰው ኃይል ይጣፋና ማዳመጫው ጸጥ ይላል። ብረት፣ መዳብ ወይም እርሳስ ሲቀርባቸው ግን ሚዛኑ ይፋለሳል፤ ማዳመጫውም ድምፅ ይሰጣል። ለስልክ ጠንቅ የነበረው ኢንዳክሽን የተሰወረ ብረትን የሚያጋልጥ ምስክር የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ውስጥ ቻርልስ ጊቶ በተባለ ሰው በጥይት ተመቱ። አንዷ ጥይት በጀርባቸው በቀኝ በኩል ገብታ በሰውነታቸው ውስጥ ቀረች። የራጅ ጨረር የተገኘው በ1895 ነውና በዚያ ዘመን የሰውን ሆድ ሳይከፍቱ የሚያዩበት መንገድ አልነበረም። ሐኪሞች በየተራ ያልታጠበ ጣታቸውንና መሣሪያቸውን ወደ ቁስሉ እየከተቱ ጥይቷን ፈለጉ። የሕዝቡ ሁሉ ጥያቄ ጥይቷ የት ናት የሚል ሆነ።

ቤል ዜናውን እንደሰማ የኢንዳክሽን ሚዛኑን አስታወሰ። ከባልደረባው ሰምነር ቴይንተር ጋር በዋሽንግተን በሚገኘው ቤተ ሙከራው ተጠምዶ ጥቅል ሽቦዎቹን ደጋግሞ አሻሻለ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሳይመን ኒውኮምብም በሐሳብ ተባበረው። መሣሪያው የሰው አካል ላይ ከመዋሉ በፊት በእርጥብ ፉርሽካ በተሞላ ከረጢትና በሥጋ ውስጥ በተሸሸገ ጥይት ተፈተነ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ በሰውነታቸው ጥይት ተሸክመው በኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ላይም ተሞከረ። በእነዚህ ሙከራዎች ጥይት መኖሩን ለመናገር ችሏል።

ጁላይ 26 ቤል ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ። ታማሚው ፕሬዚዳንት በአልጋቸው ላይ ሳሉ መሣሪያው በሰውነታቸው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ማዳመጫው ግን ግራ የሚያጋባ ጩኸት ብቻ አሰማ። ቤል ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ ሲመረምር ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ በተሳሳተ መንገድ መያያዙን ደረሰበት። አስተካክሎም ኦገስት 1 ዳግም ሞከረ። በዚህ ጊዜ ደካማ ድምፅ ተሰማ፤ ነገር ግን በሰፊ ቦታ ላይ የተበተነ ስለነበር አንድን ነጥብ ለይቶ አላመለከተም። ከፍራሹ በታች የብረት ሽቦ የተዘረጋበት ሌላ ፍራሽ እንዳለም በኋላ ታወቀ። ብዙዎች የውድቀቱን ምክንያት ለዚያ ሽቦ ይሰጣሉ።

ከሽቦው ይልቅ የከበደ ሌላ እንቅፋት ግን ነበረ። ዋና ሐኪሙ ዊላርድ ብሊስ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብሎ አስቀድሞ ደምድሟል፤ ለሕዝብም ይህንኑ አሳውቋል። ቤል እንዲፈልግ የተፈቀደለትም በዚያው በቀኙ ጎን ብቻ ነበር። መሣሪያው በተከለከለበት ጎን ያለውን ነገር ሊናገር አይችልም። ፕሬዚዳንቱ ቁስላቸው መግል ይዞና ሰውነታቸው ከስቶ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1881 በ49 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቷ ከአከርካሪው በስተግራ፣ ከቆሽት ጀርባ በጥልቀት ተቀምጣ ተገኘች። ለሞት ያበቃቸውም ከጥይቷ ይልቅ ባልጸዳ እጅ የገባባቸው መመረዝ እንደነበር ብዙ የሕክምና ታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ።

በእነዚያ ሳምንታት የቤል ቤት ከሐዘን አልተረፈም። ነፍሰ ጡሯ ሜብል በቦስተን አካባቢ ሳለች ኦገስት 15 ቀን ያለ ጊዜው የተወለደው ወንድ ልጃቸው ኤድዋርድ መተንፈስ አቅቶት በዚያው ቀን ሞተ። አባትየው የሌላን ሰው ሕይወት ለማትረፍ ሲሮጥ የገዛ ልጁን አጣ። ሐዘኑን የገለጸው በሥራ ነው። ደረትን በውጭ አየር ግፊት እያንቀሳቀሰ መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚያግዝ ጃኬት መሰል መሣሪያ ነደፈ። የኋላ ዘመን የመተንፈሻ ማገዣ ማሽኖች ታሪክ ሲነገር ይህ ንድፍ ከቀዳሚዎቹ መካከል ይቆጠራል።

በጥይት ፍለጋው ጉዳይም ተስፋ አልቆረጠም። በ1882 የሙከራውን ዝርዝር፣ ያልሠራውን ጭምር ሳይሸሽግ፣ ለአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ከዚያ በኋላ ራጅ እስኪስፋፋ ድረስ ሐኪሞች በቁስለኞች ሰውነት ውስጥ ብረት ለመፈለግ ከስልክ ማዳመጫ ጋር በተያያዙ መሣሪያዎች ተጠቅመዋል።

በ1880 ቤልና ቴይንተር ሌላ ድንቅ ሥራ ሠርተው ነበር። የሰውን ድምፅ በብርሃን ጨረር ጭነው ያለ ሽቦ ከ200 ሜትር በላይ ርቀት አስተላለፉ። ቤል ይህን ፎቶፎን የተባለ ፈጠራውን ከስልኩም አስበልጦ ያየው ነበር። ገመድ አልባ ንግግር ሕልም ብቻ በነበረበት ጊዜ የተፈጸመ ነውና በእኛ ሀገር ልማድ ቢሰየም የነፋስ ስልክ መባሉ ባልቀረ ነበር።

ስልኩ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፈጣሪው በሕይወት ሳለ ነው። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም ገደማ ከጣሊያን ሲመለሱ ይዘውት እንደመጡ ይነገራል። ድምፁን የሰሙ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙና ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ጥበቡን እንዳልተዉት ይወሳል። ቆይቶም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ።

የቤል የኋላ ዘመን የገጠር ሕይወት ነበር። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ በባዴክ ሐይቅ ዳር ርስት ገዝቶ በጎች አረባ። ከመደበኛው ቁጥር በላይ የጡት ጫፍ ያላቸውን በጎች እየመረጠ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አዳቀለ፤ ዓላማው መንታ የሚወልዱና ግልገሎቻቸውን አጥብተው የሚያሳድጉ እናቶችን ማግኘት ነበር። በምርጫው የጡት ጫፎቹን ቁጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ መጨመር ችሏል። በዚያው ስፍራ እርሱና ባልደረቦቹ የሠሩት አውሮፕላን በፌብሩዋሪ 1909 ከሐይቁ በረዶ ላይ ተነሥቶ በረረ። በ1919 ደግሞ ከውኃው በላይ ከፍ ብላ የምትከንፍ ጀልባቸው በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ገደማ በመጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች።

ሕይወቱ ያለ ነቀፌታ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ ሳይሆን በአንደበት ንግግር ብቻ እንዲማሩ አጥብቆ ተሟግቷል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸውንም እንደ ስጋት ቆጥሮ በ1883 ጽፏል። በዚህ አቋም ምክንያት የምልክት ቋንቋ ከብዙ ትምህርት ቤቶች መገፋቱን የሚያስታውሱ መስማት የተሳናቸው ማኅበረሰቦች እስከ ዛሬ ይወቅሱታል። እናቱና ሚስቱ መስማት የተሳናቸው መሆናቸው ይህን ወቀሳ አላቀለለውም።

ኦገስት 2 ቀን 1922 በ75 ዓመቱ በስኳር በሽታ ጠንቅ ባዴክ ውስጥ አረፈ። በቀብሩ ሰዓት በሰሜን አሜሪካ ያሉ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ አሉ።

ብረት መፈለጊያው ከፈጣሪው በኋላ ብዙ አባቶች አፈራ። በትውልድ ጀርመናዊ የሆነው መሐንዲስ ጌርሃርድ ፊሸር በአሜሪካ ለአውሮፕላኖች የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሬዲዮ ሲሠራ ብረትና ማዕድን ያለበት መሬት ንባቡን እንደሚያዛባ አስተዋለ። እንደ ቤል ሁሉ እርሱም እንቅፋቱን ወደ መሣሪያ ለወጠው። በ1931 በካሊፎርኒያ በመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ1937 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ቧንቧ ሠራተኞችና ማዕድን ፈላጊዎች ደንበኞቹ ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ በስኮትላንድ ሳለ አንድ ሰው ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም አይሞላም። ለፈጠራው ገንዘብ ሳይጠይቅ ለእንግሊዝ ጦር ሰጠው። በ1942 በግብፅ ኤል አላሜን ጦርነት ላይ በፈንጂ በታጠረው በረሃ መንገድ ለመክፈት አገልግሏል።

ትራንዚስተር ሲመጣ መሣሪያው ቀለለ፤ ዋጋውም ወረደ። ቻርልስ ጋሬት በ1964 በቴክሳስ ባቋቋመው ድርጅት ለትርፍ ጊዜ ሀብት ፈላጊዎች የሚሆኑ መሣሪያዎችን አመረተ፤ ቆይቶም ወደ በር ላይ መፈተሻ ተሸጋገረ። በአውስትራሊያ በ1985 የተመሠረተው ሚንላብ ደግሞ በብሩስ ካንዲ መሪነት የአፈርን ችግር ፈታ። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ራሱ መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ካንዲ አጭርና ረጅም የኤሌክትሪክ ምት እየላከ፣ ከምቱ በኋላ የሚመለሰውን ማስተጋባት በመለካት የአፈሩን ድምፅ ከወርቁ ድምፅ የሚለይ ንድፍ አወጣ። በወርቅ አካባቢዎቻችን ከባሕላዊው ገበቴ ጎን ለጎን ዲቴክተር የሚያነሡ ሰዎች የሚሠሩት በዚህ ዕውቀት ነው። መሣሪያው ግን ወርቅን ብቻ መርጦ አያወጣም፤ ጥንታዊ ሳንቲም፣ መስቀል ወይም ጌጥም ሊያገኝ ይችላል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት።

ለአርሶ አደሩ ከወርቅም ከቅርስም የሚበልጠው ጉዳይ ሕይወት ነው። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ በድንበር አካባቢ የተቀበሩ ፈንጂዎችን ለማጽዳት የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም ተቋቁሞ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትም በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች በማሳና በግጦሽ መሬት ላይ ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትቷል። እረኛ ሕፃን የሚያብረቀርቅ ብረት ያነሣል፤ ሞፈር ከተቀበረ ጥይት ጋር ይጋጫል። ባለሙያ የያዘው መሣሪያ በዚያ ማሳ ላይ ጸጥ ማለቱ በሬ ተጠምዶ መዘራት መቻሉን፣ መጮኹ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ልጅ መትረፉን ሊያመለክት ይችላል።

ለመዝናኛ ወይም ለወርቅ ፍለጋ የተሠራ ዲቴክተር ፈንጂ ለማጽዳት አይውልም። አነስተኛ ብረት ያላቸው ፈንጂዎች ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ድምፁን ተከትሎ መቆፈርም ለሞት ይዳርጋል። ስለዚህ በማሳው ውስጥ የማያውቀውን ብረት ያየ ሰው አይንካው፤ አያንቀሳቅሰው፤ ለብረታ ብረት ሻጭም አይውሰደው። ስፍራውን ከሩቅ በሚታይ ነገር ምልክት አድርጎ፣ ልጆችንና ከብቶችን አርቆ፣ ለቀበሌው አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ያስታውቅ። የቤል መሣሪያ በቀኝ ጎን ብቻ እንዲፈልግ በመታዘዙ በግራ የነበረችውን ጥይት ሳያይ ቀረ። ማሳን የሚያጸዱ ባለሙያዎችም እንዲሁ ነዋሪው ካላመለከታቸው ስፍራ አይደርሱምና፣ ያየውን የሚናገር አርሶ አደር ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል።